ስሜን ለአፋር ምን ያህል ይርቃል?

ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. እሑድ ረፋድ ላይ በአፋር ክልል የሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ፈነዳ። አመዱ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ተወርውሮ ቀይ ባሕርን ተሻገረ፤ የመንንና ኦማንን አልፎ ፓኪስታንና ሰሜን ሕንድ ደረሰ። የሕንድ አየር መንገዶች በረራ ሰረዙ። አፍዴራ ዙሪያ ያሉ መንደሮች አመድ ለበሱ፤ የከብቱ ግጦሽ ተሸፈነ። ከዚያ ቀን በፊት ይህ ተራራ ፈንድቶ እንደሚያውቅ የሚናገር አንድም የጽሑፍ መዝገብ አልነበረም።

ለደባርቅ፣ ለዳባትና ለመካነ ብርሃን ሰው ይህ የሩቅ አገር ወሬ ሊመስል ይችላል። አፋር ቆላ ነው፣ ስሜን ደጋ ነው፤ አንዱ ጨው ይቆፍራል፣ ሌላው ገብስ ያጭዳል። በመኪና መንገድ ለሚያስበው ሰው ደግሞ በሁለቱ መካከል ማለቂያ የሌለው ዳገትና ቁልቁለት አለ። ካርታ ዘርግቶ ማስመሪያ ላስቀመጠ ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከደባርቅ እስከ ሃይሊ ጉቢ በቀጥታ መስመር 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከደባርቅ እስከ አዲስ አበባ ግን ከ450 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በ1998 ዓ.ም. ምድር የተሰነጠቀበት የዳባሁ አካባቢ ከሃይሊ ጉቢም ይልቅ ይቀርባል። መካነ ብርሃን ከደባርቅ ወደ ምሥራቅ ገባ ስለምትል ለሁሉም የበለጠ ጎረቤት ናት።

ባለፉት ሃያና ሠላሳ ዓመታት ስለ ምድር ቅርፊት የወጡ ጥናቶች ተራ በተራ ሲነበቡ ይህ ጉርብትና የካርታ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ይታያል። ስሜንን የወለደውና ዛሬ አፋርን የሚሰነጥቀው ሙቀት አንድ ነው። አደጋው ግን ለሁለቱ አንድ ዓይነት አይደለም። አፋርን የሚያሰጋው ከእግሩ ሥር ያለው እሳት ነው፤ ስሜንን የሚያሰጋው ከራሱ በላይ የቆመው ገደል ነው። ይህ ልዩነት በአገራችን የመሬት መንቀጥቀጥ ወሬ ውስጥ የሚገባውን ቦታ አላገኘም።

መነሻውን ለማየት ሊማሊሞን መውረድ ይበቃል። ከደባርቅ አፋፍ ተነሥቶ ወደ ዛሪማ የሚጠማዘዘውን መንገድ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ሲቆርጡት ሐሳባቸው ሠራዊትና ስንቅ ማሳለፍ ነበር፤ ሳያስቡት ግን ለጂኦሎጂ ባለሙያዎች ውለታ ዋሉ። ተራራው ከላይ እስከ ታች ተገምሶ ስለሚታይ አንዱ በሌላው ላይ የተነጠፈው ጥቁር ድንጋይ፣ ባለሙያዎቹ ባዛልት የሚሉት፣ ንጣፍ በንጣፍ ይቆጠራል። በንጣፎቹ መካከል እዚህም እዚያም ቀላ ያለ ሸክላማ አፈር ጣልቃ ይገባል። አንዱ የቅልጥ አለት ጎርፍ ከቀዘቀዘ በኋላ ሌላው እስኪመጣ ድረስ ድንጋዩ ፀሐይና ዝናብ ተፈራርቀውበት አፈር ለመሆን ጊዜ አግኝቶ ነበር ማለት ነው። ይህን ቀይ አፈር አንባቢ ልብ ይበለው፤ ኋላ ላይ ይመጣል።

በ1997 እ.ኤ.አ. ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የታተመ ጥናት የነዚህን ድንጋዮች ዕድሜ በውስጣቸው ከታመቀው የአርጎን ጋዝ ለክቶ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ብሎ አስቀመጠው። የሚያስደንቀው ዕድሜው አይደለም፤ ፍጥነቱ ነው። አብዛኛው ንጣፍ የፈሰሰው በአንድ ሚሊዮን ዓመት ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ሌላ ቡድን ሊማሊሞንና ወሎ ውስጥ ወገል ጤናን መርጦ ያንኑ ጉዳይ በሌላ መንገድ ፈተሸ። ቅልጥ አለት ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያሉት የብረት ማዕድናት በጊዜው የነበረውን የምድር መግነጢስ አቅጣጫ ይዘው ይቀራሉ። የምድር መግነጢስ ደግሞ በየዘመኑ ሰሜንና ደቡቡን ይገለብጣል። ሁለት ሺህ ሜትር ገደማ ውፍረት ባለው በሊማሊሞ ግድግዳ ላይ የተገኙት ግልበጣዎች በጣም ጥቂት ነበሩ፤ ይህም ድንጋዩ በጥድፊያ መከመሩን አረጋገጠ። ዛሬ የጭነት መኪና ሹፌር ፍሬኑ እንዳይግል እየሠጋ የሚወርደው ቁልቁለት በዓለም የሳይንስ ጽሑፎች ውስጥ ስሙ የሚጠራ ቦታ ነው።

በዚያ ንጣፍ ላይ ብዙም ሳይቆይ ስሜን ራሱ ተነሣ። ራስ ደጀን፣ ቧሂትና ዙሪያቸውን የከበቡት ጫፎች የአንድ ግዙፍ እሳተ ገሞራ ቅሪቶች ናቸው። ጎጃም ላይ ያለው ጮቄ 22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ፣ ደብረ ታቦር አጠገብ ያለው ጉና ደግሞ 11 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አላቸው። ስሜን የሁለቱም ታላቅ ነው። እሳቱ ከጠፋ ዘመን ስለቆጠረም ዝናቡና በረዶው ፈልጠው አሁን የሚታየውን የገደል አገር አደረጉት።

ድንጋይ በድንጋይ ላይ መከመሩ ብቻ ግን ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ አይሰጥም። ከሥር የሚደግፍ ነገር መኖር አለበት። እዚህ ላይ ነው የመሬት መንቀጥቀጥ ሳይንስ ያልታሰበ አገልግሎት የሚሰጠው። ከሩቅ አገር፣ ለምሳሌ ከኢንዶኔዥያ ወይም ከቺሊ፣ የሚነሣ ትልቅ መንቀጥቀጥ ሞገዱ የምድርን ሆድ አቋርጦ እኛ ዘንድ ይደርሳል። ሞገዱ በሞቃት አለት ውስጥ ሲያልፍ ይዘገያል፣ በቀዝቃዛው ውስጥ ይፈጥናል። የሺዎችን መንቀጥቀጦች የመድረሻ ሰዓት በማነጻጸር የምድር ውስጥ ካርታ ይሠራል። በዚህ ካርታ ላይ ከደቡባዊ አፍሪካ ሥር፣ ከምድር እምብርት ዳርቻ፣ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ምሥራቅ እያጋደለ ወደ ኢትዮጵያ የሚወጣ ግዙፍ የሙቅ አለት ክምችት ይታያል። የኢትዮጵያን ደጋ ከታች ደግፎ የያዘው በዋናነት ይህ እንደሆነ አብዛኞቹ ተመራማሪዎች ይስማማሉ።

መቼ ተነሣ በሚለው ላይ ግን አልተስማሙም። ራፋኤል ፒክና ባልደረቦቹ በ2003 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት የዓባይ ሸለቆ መቆፈር የጀመረው ከ25 እስከ 29 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው አሉ፤ ደጋው ገና ከጥንቱ ከፍ ያለ ነበር ማለት ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣ የጋኒና የባልደረቦቻቸው ጥናት ደግሞ ዓባይ ቁፋሮውን ያጣደፈው ከ10 ሚሊዮንና ከ6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ወዲህ ስለሆነ ደጋው በየተራው ተነሥቷል ሲል ተከራከረ። በ2019 እ.ኤ.አ. ክላውዲዮ ፋቼናና ባልደረቦቹ ኔቸር ጂኦሳይንስ ላይ ያወጡት ሥራ ወደ መጀመሪያው አሳብ ያጋድላል፤ ዓባይ ለ30 ሚሊዮን ዓመት ያህል ወደ ሰሜን የፈሰሰው የኢትዮጵያ ደጋ ከታች በተደገፈበት ኃይል ነው ይላል። ለውሃ ፖለቲካ ወዳጆች ይህ የሚጣፍጥ ወሬ ቢሆንም፣ ክርክሩ ገና አልተዘጋም።

በዚህ ላይ የሚጨመር አንድ ዝግ ያለ እንቅስቃሴ አለ። የጣና ታንኳ ጭነቱ ሲራገፍለት ከውሃው ከፍ ይላል፤ የምድር ቅርፊትም ከሥሩ ባለው ሙቅና ለስላሳ አለት ላይ እንዲሁ ነው። ተከዜና ገባሮቹ፣ ከቧሂትና ከራስ ደጀን መካከል የሚወርደውን መሸሃን ጨምሮ፣ በየክረምቱ ከስሜን ጎን አፈርና ድንጋይ እየገፈፉ ይወስዳሉ። ሸክሙ የቀለለለት ቅርፊት በሚሊዮን ዓመታት ልክ ሽቅብ ይላል። ሸለቆው በጠለቀ ቁጥር የቀሩት ጫፎች ከፍ የማለት ዝንባሌ አላቸው። ለሰው ልጅ ዕድሜ ይህ ምንም አይደለም፤ ለገደሉ ቁመት ግን ብዙ ነው።

አፋር ወዲያ ማዶ ነገሩ በተቃራኒው ይሄዳል። በሰሜን ምዕራቡ ደጋ ሥር የምድር ቅርፊት ውፍረት ከ40 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በደናክል ዝቅተኛ ቦታ ግን ወደ 16 ኪሎ ሜትር ይወርዳል። ቅርፊቱ ተስቦ ሳስቷል። በሰኔ 2017 ዓ.ም. ኤማ ዋትስና ባልደረቦቿ ኔቸር ጂኦሳይንስ ላይ ያወጡት ጥናት ከአፋርና ከስምጥ ሸለቆው እሳተ ገሞራዎች የተለቀሙ ከ130 በላይ የድንጋይ ናሙናዎችን መርምሮ፣ ከሥር የሚመጣው ሙቅ አለት እኩል እንደማይፈስ፣ በየተራ እየገፋ እንደሚመጣና ግፊቱም ከላዩ ባለው ቅርፊት መሳሳትና የመለያየት ፍጥነት እንደሚለዋወጥ አሳይቷል። ቀድሞ ሙቀቱ አዛዥ፣ ቅርፊቱ ታዛዥ ነበር በሳይንቲስቶቹ አሳብ። አሁን ቅርፊቱም ሙቀቱን ይመራዋል እያሉ ነው።

ይህ ሁሉ ዝግታ አንዳንዴ በድንገት ይሰበራል። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በዳባሁ አካባቢ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 በላይ ጠንከር ያሉ መንቀጥቀጦች ተመዘገቡ፤ በመስከረም 16፣ በደመራ ዕለት፣ ዳኡሬ በተባለው ቦታ ምድር ተሰንጥቃ አመድ ተፋች። ሳተላይቶች ከላይ ሆነው ሲለኩ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ባለው መስመር ላይ ቅልጥ አለት ከሥር ገብቶ መሬቱን እስከ 8 ሜትር ድረስ ከፍቶታል። ገዛኸኝ ይርጉን፣ አታላይ አየለንና ኤልያስ ሌዊን የመሳሰሉ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር የተሳተፉባቸው ጥናቶች ይህን ክስተት በዓለም ዙሪያ የስምጥ ሸለቆ ማስተማሪያ አደረጉት። በዚያ አካባቢ ሁለቱ ወገኖች በዓመት የሚራራቁት በሁለት ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ያ 8 ሜትር ለብዙ መቶ ዓመታት የተጠራቀመ ዕዳ በአንድ ወር የተከፈለበት ነበር።

በአዋሽ ፈንታሌና በዶፋን እሳተ ገሞራዎች መካከል ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ለወራት የዘለቀው መንቀጥቀጥም የዚሁ ዘመድ ነው። ታኅሣሥ 25 ቀን ዶፋን አጠገብ እንፋሎትና ጭቃ ተስፈነጠረ። የካቲት 7 ቀን ሌሊት መጠኑ 6.0 የሆነ መንቀጥቀጥ ተመዘገበ፤ አዲስ አበባ ባሉ ፎቅ ቤቶች ሰው ከእንቅልፉ ነቃ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎች ከቀያቸው ተነሡ፤ በአቅራቢያው ያለው የከሰም ግድብ ይጎዳ ይሆን የሚለው ሥጋት ብዙ አነጋገረ። ቅልጥ አለቱ ግን ከላይ አልወጣም፤ ከሥር እንደገባ ቀረ። ይህን የነገረን ከአውሮፓ የተላከች ሴንቲነል የተባለች ሳተላይት ናት። ያንኑ መሬት በየ12 ቀኑ በራዳር ታነሣለች፤ ሁለት ምስሎች ሲነጻጸሩ መሬቱ ወደ ሳተላይቷ በ2.8 ሳንቲ ሜትር በተጠጋ ወይም በራቀ ቁጥር አንድ የቀለም ቀለበት ይሠራል። በፈንታሌና በዶፋን መካከል ቀለበቶቹ ተደራርበው ታዩ።

በዚያ ሰሞን «ኢትዮጵያ ለሁለት ልትከፈል ነው» የሚል ወሬ ከሞባይል ወደ ሞባይል ሲዞር ከረመ። ስሌቱን ማንም ሊሠራው ይችላል። በዋናው የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ምዕራቡና ምሥራቁ በዓመት የሚለያዩት በአምስትና በስድስት ሚሊ ሜትር መካከል ነው። በአንድ ሚሊዮን ዓመት ውስጥ አምስት ወይም ስድስት ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። በመካከሉ ባሕር እስኪገባ የሚጠብቅ ሰው ቢተኛ ይሻለዋል። ቤቱ በመጪው መንቀጥቀጥ ይቆም እንደሆነ የሚጠይቅ ግን ልክ ነው፤ የመንግሥትም የጋዜጣም ጉልበት ወደዚህ ጥያቄ ቢሄድ በወደድን።

ታዲያ ደጋው ዝም ብሎ ተቀምጧል? በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ለብዙ ዓመታት የተሰበሰቡ የጂፒኤስ ልኬቶችን የመረመረና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተካፈሉበት ጥናት አልተቀመጠም ይላል። አለት ላይ በተተከሉ ምሰሶዎች አማካይነት በሚሊ ሜትር ሲለካ፣ መሳሳቡ በስምጥ ሸለቆው ወለል ላይ ብቻ አያበቃም። አብዛኛው እዚያ ቢሆንም ከፊሉ በዙሪያው ባለው ደጋ ላይ ተበትኗል። ለስሜን ሰው ቅርብ የሆነ ምልክትም አለ። ዣን ሾሮዊችና ባልደረቦቹ በ1998 እ.ኤ.አ. ስለ ጣና በጻፉት ጥናት፣ ሐይቁ የተቀመጠው ከጎንደር፣ ከደብረ ታቦርና ከድንግል በር አቅጣጫ የሚመጡ ሦስት ያረጁ ስንጥቅ ሸለቆዎች በሚገናኙበት ስፍራ ላይ መሆኑን አሳይተዋል። ደጋው ውስጥም ምድር ለመሰንጠቅ የሞከረችበት ዘመን ነበር። ከዳባት ወደ ደቡብ ሲኬድ የሚታየው የመሬት አቀማመጥ ከዚያ ሙከራ ነፃ አይደለም።

ይህን ሁሉ አይቶ ደባርቅ ነገ ትናወጣለች ማለት ግን ማታለል ይሆናል። የአገሪቱ የመንቀጥቀጥ መዝገብ ሲታይ ትልልቆቹ የተሰለፉት በስምጥ ሸለቆውና በአፋር ዳርቻ ነው። ነሐሴ 19 ቀን 1898 ዓ.ም. በላንጋኖ አካባቢ፣ ግንቦት 24 ቀን 1953 ዓ.ም. በካራቆሬ፣ መጋቢት 20 ቀን 1961 ዓ.ም. በአፋሯ ሰርዶ የደረሱት ሁሉ በዚያው መስመር ላይ ናቸው። ካራቆሬ ላይ መቆም ግን ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ያ መንቀጥቀጥ የደረሰው በሜዳው መካከል ሳይሆን ደጋው ወደ አፋር በሚወርድበት ጥግ ነው። የማጀቴ ከተማ ፈረሰች። በዚያ አቀበት ድንጋይ ተንዶ የአዲስ አበባና የአሥመራን አውራ ጎዳና ጎዳ። ከቤት መፍረሱ ጎን የቁልቁለቱ መናድ ራሱን የቻለ አደጋ ነበር።

በኔፓል የታየው ከዚህ የከፋ ነው። ሚያዝያ 2007 ዓ.ም. መጠኑ 7.8 የሆነ መንቀጥቀጥ ሲደርስ፣ በላንግታንግ ሸለቆ ከላይ የተናደ በረዶና ድንጋይ አንድ መንደር ከነሰዎቹ ቀበረ። የመንደሩ ቤቶች ምሰሶ ጠንካራ ይሁን ደካማ ትርጉም አልነበረውም።

አሁን ወደ ሊማሊሞው ቀይ አፈር እንመለስ። ጥቁሩ ድንጋይ ሲቀዘቅዝ ስለሚሰነጣጠቅ ውሃ ያሳልፋል። የክረምት ዝናብ በስንጥቆቹ ወርዶ ቀዩን ሸክላ ሲያገኝ ይቆማል፤ ሸክላው ውሃ አያሳልፍምና። ለዚህ ነው በብዙ የደጋ አገር ምንጭ ከገደሉ ወገብ ላይ የሚፈልቀው። መንደሩም ምንጩን ተከትሎ እዚያው ይሠራል፤ እርሻው ከሥሩ፣ ቤቱ ከአጠገቡ። ውሃ የጠገበ ሸክላ ግን ይሙለጨለጫል። በላዩ ያለው የድንጋይና የአፈር ክምር መያዣ ሲያጣ ቁልቁል ይሄዳል። ሰውን ወደዚያ የጠራው ውሃ ተራራውንም የሚያንሸራትተው ነው። ለዚህ መንቀጥቀጥ አያስፈልግም፤ ዝናብ ይበቃል። ከፈንታሌ የመጣ ደካማ ንዝረት ሳይሆን ሦስት ቀን ያላባራ የነሐሴ ዝናብ ነው የስሜንን ሰው ሊያስፈራው የሚገባ።

ነሐሴ 18 ቀን 2016 ዓ.ም. ከስሜን ተራሮች በስተ ሰሜን በጠለምት የሆነው ይኸው ነበር። ከባድ ዝናብ ያስከተለው የመሬት መንሸራተት ቢያንስ 10 ሰው ገደለ፤ ከ2,000 በላይ ሰዎች ተፈናቀሉ። ከአንድ ወር በፊት፣ ሐምሌ 15 ቀን፣ በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ከ200 በላይ ሰዎች አልቀዋል። እዚያ የሞቱት ብዙዎቹ ቀድሞ በተናደው አፈር የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ጎረቤቶች ነበሩ፤ ሁለተኛው ናዳ እነሱን ያዘ። ቁልቁለቱ አንዴ ከተንቀሳቀሰ ደግሞ ሊንቀሳቀስ ይችላል። በአፋር እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ የዓለም ካሜራ ይዞራል፤ በአገራችን ሰው ብዙ ጊዜ የሚሞተው ግን ካሜራ በማይዞርበት በእንዲህ ያለው ቁልቁለት ነው።

የምርምሩ ሚዛን ከዚህ ጋር አይመጣጠንም። በጥር 1995 ዓ.ም. በስምጥ ሸለቆው ላይ ኢግል በተባለው ፕሮጀክት 1,000 ገደማ የንዝረት መቅረጫዎች ተደርድረው፣ ጉድጓድ ውስጥ ፈንጂ እየፈነዳ የቅርፊቱ ሆድ ተነቧል። ከዳባሁ በኋላ አፋር የዓለም ተመራማሪ መናኸሪያ ሆነ። ተገቢ ነው፤ ውቅያኖስ እንዴት እንደሚወለድ በደረቅ መሬት ላይ ቆሞ የሚታይበት ቦታ በዓለም ላይ ብዙ የለም። ነገር ግን የስምጥ ሸለቆው ጥያቄ «ምድር እንዴት ትከፈላለች?» የሚል ነው፤ የስሜኗ ጃናሞራ ገበሬ ጥያቄ «ከጓሮዬ በላይ ያለው ተረተር ዘንድሮ ይቆማል ወይ?» ነው። ሁለተኛውን ጥያቄ ይዞ የሚመጣ የውጭ ፕሮጀክት ጥቂት ነው፤ በታላላቅ መጽሔቶች ለመታተም አያበቃምና።

ሴንቲነል ሳተላይቷም ለስሜን እንደ አፋር አትመችም። አፋር ባዶ ድንጋይ ስለሆነ ራዳሩ ጥርት ያለ መልስ ያገኛል። ስሜን ላይ ቀጥ ያለው ገደል ከፊሉን ቦታ ከእይታዋ ይጋርዳል፤ እርሻው ሲታረስና ሲታጨድ፣ ሣሩ ሲያድግና ሲደርቅ የሁለቱ ምስሎች ንጽጽር ይበላሻል። ስለዚህ እዚህ ከሰማይ ብቻ ሆኖ መጠበቅ አይበቃም። በገደሉ አፋፍ ላይ የሚቸከሉ ምልክቶች፣ በየጊዜው የሚለካ ስንጥቅ፣ ዝናብ መለኪያ ያስፈልጋል። አንዳቸውም ውድ አይደሉም። ዝናብ መለኪያና ሜትር ከአንድ የሴይስሞሜትር ዋጋ ጋር አይነጻጸሩም፤ የሚጠይቁት ሰው ነው፣ በየጊዜው ሄዶ የሚያይ።

ሰው ደግሞ አለ። ደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ከሊማሊሞ አፋፍ ብዙ ሳይርቅ ተቀምጧል፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲም ጥቂት ሰዓት መንገድ ነው። ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፉ ርዕስ ሲፈልግ ከመሸሃ ሸለቆ የበለጠ ምን ያገኛል? ከላይ ከተቆጠሩት ምርምሮች መካከል ሊማሊሞን ለዓለም ያስተዋወቁት በአብዛኛው ከፈረንሳይና ከሌላም አገር የመጡ ተመራማሪዎች ናቸው። ይህ የሚያሳፍር ሳይሆን የሚያስቆጭ ነው።

መዝገብ ስለመያዝ ደግሞ ከራሳችን ታሪክ የምንማረው አለ። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ምርምር ጣቢያን ያቋቋሙት ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ካህን ፒየር ጉዋን፣ በ1979 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያና ስለ አፍሪካ ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ መጽሐፍ አሳትመዋል። መሣሪያ ባልነበረበት ዘመን የሆነውን ያገኙት ከዜና መዋዕል፣ ከመንገደኞች ማስታወሻና ከደብዳቤ ነው። አንድ ሰው በዚህ ቀን ምድር ተናወጠች ብሎ በመጻፉ፣ ዛሬ መሐንዲስ የአንድን አካባቢ ሥጋት ሲያሰላ ያ መስመር ይገባለታል። ያልተጻፈው ደግሞ እንዳልሆነ ይቆጠራል። በስሜን የመንቀጥቀጥ ወሬ ጥቂት የሆነው መንቀጥቀጡ ጥቂት ስለሆነ ብቻ ነው ወይስ የጻፈ ስላልነበረም ነው የሚለውን መጠየቅ ይገባል።

ስለዚህ አቤቱታው ለሁለት ወገን ነው። ለዩኒቨርሲቲዎቹና ለአዲስ አበባው የጂኦፊዚክስ፣ የሕዋ ሳይንስና የሥነ ፈለክ ኢንስቲትዩት፦ የንዝረት መቅረጫና የጂፒኤስ ምሰሶ ሲታሰብ ስሜን ይታሰብ፤ ከዚያም አስቀድሞ የመሸሃንና የዙሪያውን ቁልቁለቶች የሥጋት ካርታ ሥሩ። ለደባርቅ፣ ለዳባት፣ ለጃናሞራ አንባቢ ደግሞ፦ ከቤታችሁ በላይ ባለው ተረተር አዲስ ስንጥቅ ካያችሁ፣ ቀጥ ብሎ የነበረ ዛፍ ወይም አጥር ካዘመመ፣ የምንጩ ውሃ በድንገት ከደፈረሰ ወይም ቦታውን ከለወጠ ቀኑንና ቦታውን ጽፋችሁ ለቀበሌ አሳውቁ፤ ዝናቡ እስኪያባራም ከዚያ ቁልቁለት ሥር አትደሩ። መሬት ከተናደ በኋላ የተቀበረ ሰው ለማውጣት ስትሄዱ አንድ ሰው ወደ ላይ እያየ እንዲጠብቅ አቁሙ።